ከጤና መኮንንነት ወደ ፊዚሺያን አሲስታንት፦ የሞጁል ትራንስክሪፕት እንዴት ይፈታል?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። የቤተሰብ ቪዛዬ ሂደት እየተገባደደ ስለሆነ አሜሪካ ስገባ ፊዚሺያን አሲስታንት ለመሆን አስቤያለሁ።

ሥራው ከኛ ጋር ይቀራረባል፤ ታካሚ መመርመር፣ መድኃኒት ማዘዝ፣ ሪፈር ማድረግ። መንገዱ ግን ሌላ ነው። ፓንስ የሚባለውን የብቃት ፈተና የሚቀመጠው እዚያው አሜሪካ ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተመረቀ ብቻ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሐኪም እንኳ ፕሮግራሙን መማር አለበት። ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 27 ወር አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ እዚህ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማስተርሱን 3 ዓመት ብማር መንገዱን አያሳጥርልኝም።

የያዘኝ ትራንስክሪፕቱ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ በአንድ ሞጁል ተጠቃለው አንድ ግሬድ ብቻ ተሰጥቷቸዋል። የፊዚሺያን አሲስታንት ፕሮግራሞቹ ደግሞ ለመግቢያ አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂን፣ ማይክሮባዮሎጂንና ስታትስቲክስን ብዙ ጊዜ ለየብቻ፣ አንዳንዱን ከነላብራቶሪው ይጠይቃሉ። የውጭ ትምህርት ማስረጃን የሚመዝነው ገምጋሚ ድርጅት የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።

እባካችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ፦ ሬጅስትራር የሞጁሉን ዝርዝር ከነክሬዲቱ ማኅተም አድርጎ ቢሰጠኝ ገምጋሚው ከፋፍሎ ይቆጥረዋል? ወይስ ኮርሶቹን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ መድገም ይሻላል? የውጭ ኮርስ ጭራሽ የማይቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ሁለተኛው ሳያዋጣ አይቀርም ባይ ነኝ፤ ሆኖም ዓመት ይበላል። የጤና ጣቢያ የሥራ ሰዓቴንስ ፕሮግራሞቹ ለመግቢያ በሚያዩት የታካሚ እንክብካቤ ልምድነት ለማስቆጠር የአሠሪ ደብዳቤው ሰዓቱንና የሥራ ድርሻዬን በምን መልኩ ቢዘረዝር ይሻላል?