የክፍሌ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነገ ጠዋት ፈተና አለ፣ ድረሱልኝ

መምህርት ዘሳቢያን፦ ያ ጀመዓ፣ የክፍሉ መብራት ከጠዋት ጀምሮ እየተርገበገበ አስቸገረን። ልጆቹ ዓይናቸውን ያሻሉ፣ ሁለቱ ራሳችንን አመመን ብለው ወጡ። ነገ ጠዋት የስምንተኛ ክፍል ሞዴል ፈተና እዚሁ ነው። ባጠፋው ኋላ ያሉት ሰሌዳው አይታያቸውም። ምን ላድርግ?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ስታርተሩን፣ ያቺን ፍሎረሰንቱን የምታስነሳዋን ትንሽ ዕቃ፣ ቀይሪው! እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አታጪውም።

ጋሽ ፊዚክስ፦ ልጆቹ ያመማቸው እውነታቸውን ነው። ፍሎረሰንት በአሮጌው ባላስት (የአምፖሉን ኤሌክትሪክ በሚቆጣጠረው ዕቃ) ሲሠራ፣ የኛ መስመር 50 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 50 ዙር፣ ስለሆነና በየዙሩ ሁለቴ ስለሚደበዝዝ፣ ደህና በሚባልበት ቀን እንኳ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ዓይን ባይለየውም ሰውነት ይሰማዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የቢሮ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ባላስቱ በኤሌክትሮኒክ ሲተካ ራስ ምታቱና የዓይን ድካሙ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ትምህርት ቤቱ ባላስቶቹን በሙሉ ይቀይር።

አሸዋ ሰፈር፦ ስታርተር ነው። የኔም ቤት እንዲሁ ነበር።

ቀፊራ፦ ለመሆኑ በቀን መብራት ምን ያደርጋል? ድሬ ላይ ፀሐይ ጠፍቶ ነው? መጋረጃውን ክፈቱት!

መምህርት ዘሳቢያን፦ መስኮቱ በምዕራብ በኩል ነው። ፀሐዩ ሰሌዳው ላይ ያንጸባርቃል፣ ሙቀቱንም ታውቀዋለህ።

ቀፊራ፦ እሱ ከሰዓት በኋላ ነው። ፈተናው ጠዋት አይደል? ጠዋት በዚያ በኩል ፀሐይ አይገባም፣ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚገባው።

ሽቦ በጥሱ፦ ሃሃ፣ ታይዋንን በስታርተር ልታከብሯት ነው! መምህርት፣ የሚርገበገበው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ማራገቢያውስ፣ ፋኑ?

መምህርት ዘሳቢያን፦ ሁሉም። ፋኑም አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይቀዘቅዛል።

ሽቦ በጥሱ፦ እንግዲያው ስታርተሩን ተዪው። አንድ ስታርተር ሁሉንም አምፖል አያርገበግብም፣ ፋኑን ደግሞ ምን አገናኘው? መስመሩ ነው፤ ምናልባት ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላልቷል። የላላ ሽቦ ይግላል፣ እሳት ያስነሳል። አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፊና ባለሙያ አስጠሪ። ማንም ወንበር ላይ ወጥቶ እንዳይነካካ!

የከዚራ ልጅ፦ ስታርተሩን ግን ሞክሪው፣ ርካሽ ነው።

ሽቦ በጥሱ፦ አንተ ልጅ!

የቁጥር አራት እናት፦ መምህርት፣ ነገ ዴስኮቹን ወደ መስኮቱ አስጠጊያቸው፤ ብርሃኑ በግራ በኩል ይምጣላቸው፣ በቀኙ የሚጽፍ ልጅ የእጁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። የፈተናው ጽሑፍ የደበዘዘ ኮፒ ከሆነም ዛሬውኑ በደንብ አስባዢው። ለዓይን ደካማ ልጅ እሱም ከመብራቱ እኩል ነው።

ሽቦ በጥሱ፦ መምህርት፣ ብሬከሩ ጠፋ?