ታዋቂ ሰው ሲሞት ሁለት ይከተላል የሚባለው እውነት ነው?

ፈረንጅ አራዳ፦ ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ አንድ ታዋቂ ሰው አረፈ ከተባለ «እንግዲህ ሁለት ይቀራል» የሚል አይጠፋም። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ይሞላል። እዚያው ረከቦቱ አጠገብ የሚሠራ መፈተኛ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ሒርማታ፦ አለ። 12 ብጣሽ ወረቀት ቁረጥ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ የወራቱን ስም ጻፍባቸው፣ እኩል አጣጥፈህ ጣሳ ውስጥ ጨምር። አንድ አውጣ፣ ወሩን መዝግብ፣ ወረቀቱን መልስና ጣሳውን በደንብ ነቅንቅ። 12 ጊዜ ይህን ካደረግህ አንድ ዙር ሞላ፤ በዓመት 12 ታዋቂ ሰው ያለ ምንም ሥርዓት ቢሞት ማለት ነው። ከ10 ዙር በ7ቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ወር ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ይደርሰዋል። በአማካይ 4 ወር ደግሞ ባዶውን ይቀራል።

የሚበላሸው የወጣው ወረቀት ሳይመለስ ሲቀር ነው፤ ያኔ እንደ እቁብ ለየወሩ አንድ አንድ ይደርሳል። ሰውም ልቡ ውስጥ ያለው እቁቡ ነው፤ ሞት ተራ የሚጠብቅ ስለሚመስለው ሲደራረብ ይደነግጣል።

ቦሳ፦ የ2004ቱስ? አቡነ ጳውሎስ ነሐሴ 10፣ አቶ መለስ ነሐሴ 14። ይሄም ጣሳ ነው?

አጂፕ፦ ሁለት ናቸው እኮ፤ ሦስተኛው የታለ? ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንዳትለኝ፤ እሳቸው ያረፉት ሚያዝያ 2 ነው፣ እስከ ነሐሴ 10 ድረስ 128 ቀን አለ። ይህን ያህል ቀን ከተፈቀደማ የማይሞላ ሦስት አይገኝም።

የማይክል ጃክሰንም ያው ነው። አሜሪካዊው የቴሌቪዥን አቅራቢ ኤድ ማክማሆን ሰኔ 16፣ ተዋናይቷ ፋራ ፋውሴትና ማይክል ሰኔ 18 ቀን 2001 ሞቱ፤ ሦስት ሞላ ተባለ። ሰኔ 21 ደግሞ በቴሌቪዥን ዕቃ በማሻሻጥ የታወቀው ቢሊ ሜይስ ሞተ። እሱን ማን ቆጠረው?

መወራረድ ከፈለጋችሁ ደንቡ ከሞቱ በፊት ይጻፍ። 100 ስም ዘርዝሩ፣ ቀን ጽፋችሁበት ፎቶ አንሱት፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሞተ አይገባም። የቀኑንም ገደብ ያኔውኑ ቁረጡ፤ እኔ ከ10 ቀን በላይ አልፈቅድም። አራተኛ ከመጣም «አዲስ ሦስት ጀመረ» ማለት የለም፣ ግምቱ ወደቀ። በአንድ አደጋ የሞቱትን እንደ አንድ ቁጠሩ፦ አሜሪካውያኑ ድምፃውያን ቡዲ ሆሊ፣ ሪቺ ቫለንስና ቢግ ቦፐር በአንድ አውሮፕላን ነው ያለቁት። ዝርዝሩን በአንጋፋ ድምፃውያን ብቻ ከሞላችሁትም መደራረቡ ይበዛል፤ ዕድሜ ነው እንጂ ምሥጢር የለውም።

ቆጪ፦ ፌስቡክንም ተጠንቀቁ። የሙት ዓመት መታሰቢያ ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጠፋል፣ ሥሩ «ነፍስ ይማር» ይደረደራል፣ ማታ ቡና ላይ ዛሬ እንደሞተ ሆኖ ይቆጠራል። የተለጠፈበትን ሳይሆን የቀብሩን ቀን እዩ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ጣሳው ውስጥ ጳጉሜንን ለምን ተዋችኋት?

ሒርማታ፦ 5 ቀን ብቻ ስለሆነች እንደ ሌሎቹ አንድ ሙሉ ወረቀት አይገባትም። ካላስገባኋት ካልህ ለእያንዳንዱ ወር 6፣ ለጳጉሜን 1 ወረቀት አድርግ፤ ጠቅላላው 73 ይሆናል። ለዚያ ግን ጣሳው አይበቃህም፣ ባልዲ ፈልግ።