የሪአክተር ውስጥ ድጋፍ ሳይቆረጥ እንዲቀየር እንዴት ልሥራው?

ሰላም ወገኖች። ባሕረ ሰላጤው አገር፣ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የምሠራ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። አንድ ዲዛይን ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ዕቃው የቤንዚን ጥራት የሚያሻሽል ሪአክተር ነው። ጋዙ ከግድግዳው ዙሪያ ይገባና ካታሊስቱን (ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥኑትን ትንንሽ ፍሬዎች) አቋርጦ መሀል ወዳለው ወንፊት ቧንቧ ይሄዳል። ቧንቧው 9 ሜትር ነው፤ የተቀመጠው ታች ግድግዳው ላይ በተበየደ ቀለበት ላይ ነው። ባለፈው ጥገና ገብቼ ሳየው ቀለበቱ በአንድ ጎኑ ጎብጧል። ብየዳው ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ስንጥቅ አለ። ቀለበቱን መቁረጥ ማለት ግን ክሮም ሞሊ (ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት) ግድግዳ ላይ እንደገና መበየድና በሙቀት ማከም ነው። ብዙ ቀን ይበላል።

ስለዚህ ትንንሽ ጆሮዎች (ቀለበቱን የሚሸከሙ የብረት ቁራጮች) ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርተው፣ ቀለበቱ ተከፋፍሎ በ60 ሳንቲሜትር በር እንዲገባና በብሎን እንዲታሰር አስቤያለሁ። ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። 500 ዲግሪ አካባቢ የስቴንለሱ ቧንቧ ከግድግዳው ወደ 2 ሳንቲሜትር በልጦ ይረዝማል። ቀለበቱም ወደ ጎን ይሰፋል፤ መላወሻ ክፍተት ይፈልጋል። የካታሊስቱ ፍሬ ደግሞ 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ናት። ቀዳዳ ካገኘች ሾልካ ትወጣለች፣ ቧንቧ ትደፍናለች።

ቧንቧው ከላይ በተንሸራታች እጅጌ ቢያዝ፣ ክፍተቱን የሴራሚክ ገመድ ይዘጋዋል? ከዓመታት ሙቀት በኋላ ብሎኑ ተጣብቆ አልፈታ ስለሚል፣ በሽብልቅ የሠራችሁ አላችሁ? ሽብልቁ በንዝረት እንዳይወጣስ በምን ያዛችሁት?