ስለ አእምሮ ሕመም ያለውን ጭፍን አመለካከት መረጃ ብቻ ይቀይረዋል?

ጥያቄ፦ የመግቢያ ሥነ ልቦና ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁም። የመግቢያ ሥነ ልቦና ትምህርት እየተከታተልኩ ነው። ስለ አመለካከትና ጭፍን ጥላቻ የሚያወሳውን ምዕራፍ ስለ አእምሮ ሕመሞች ከሚያትተው ምዕራፍ ጋር ጎን ለጎን ሳነብ፣ ሁለቱ በአንድ ነጥብ ላይ የማይጣጣሙ ሆነው ስላገኘኋቸው እናንተን ለመጠየቅ ወሰንኩ።

የክፍል ጓደኞቼና እኔ፣ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚደርሰውን መገለል ለመቀነስ ለአዲስ ተማሪዎች የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ እንድናዘጋጅ ተመድበናል። አብዛኞቹ የቡድኑ አባላት ዋናው መልእክት «የአእምሮ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው፤ ከማንኛውም የአካል ሕመም አይለይም» የሚል እንዲሆን፣ መግቢያውም ጤነኞች ታማሚ መስለው ሆስፒታል የገቡበት የዴቪድ ሮዘንሃን ጥናት እንዲሆን ይፈልጋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የአመለካከቱ ምዕራፍ ሰው የሚያምነውና የሚያደርገው ብዙ ጊዜ እንደሚለያዩ ማስተማሩ ነው። አድማጩ «እውነት ነው፣ ሕመም ነው፤ ማንም አይወቀስበትም» ብሎ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ፣ የድባቴ ሕመም ካለበት ሰው ጋር አብሮ ለመሥራት ወይም ለመኖር ፈቃደኛ ካልሆነ ምን አተረፍን? ጥናቶቹ በዚህ ላይ ምን ይላሉ? መረጃ የማይበቃ ከሆነስ በምትኩ ምን ማድረግ ይሻላል?

መልስ፦ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህር

ውድ ጠያቂ፣ ጥርጣሬዎ መሠረት ያለው ነው። አመለካከት ሦስት ገጽታዎች እንዳሉት አንብበዋል ብዬ እገምታለሁ፤ ሰው ስለ ነገሩ የሚያስበው፣ የሚሰማውና ለማድረግ የሚያዘነብለው ማለት ነው። አመለካከቱ በአንድ የሰዎች ወገን ላይ ሲያነጣጥር የመጀመሪያው ጥቅል ፍረጃ፣ ሁለተኛው ጭፍን ጥላቻ፣ ሦስተኛው መድልዎ ሆኖ ይገለጣል። ገለጻ በዋናነት የሚደርሰው ወደ መጀመሪያው ነው፤ ፍርሃቱና መሸሹ ግን በዚያው ልክ ይከተላሉ ማለት አይደለም።

ያነሡት የእምነትና የድርጊት መለያየት ጥንታዊው ማስረጃ የሪቻርድ ላፒየር ጥናት ነው። ይህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካ በቻይናውያን ላይ የከረረ ጥላቻ በነበረበት ጊዜ፣ ከአንድ ቻይናዊ ባልና ሚስት ጋር አገሪቱን ሲዞር 251 ማረፊያና ምግብ ቤቶችን ጎበኘ፤ አልቀበልም ያላቸው አንድ ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ለእነዚያው ቤቶች ቻይናውያንን በእንግድነት ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ ሲጠይቅ፣ ከመለሱለት 128 ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደማይቀበሉ ገለጹ። በእርግጥ መጠይቁን የሞላው ሰውና በር ላይ እንግዳ የተቀበለው ሰው አንድ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም፤ ይህ ደካማ ጎኑ ሲነሣበት ኖሯል። ደግሞም በላፒየር ጥናት ወረቀቱ ከድርጊቱ የከፋ ነበር። በእርስዎ መድረክ የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፤ በወረቀት ላይ መልካም መልስ የሚሰጥ፣ በድርጊት ግን የሚሸሽ ሰው።

አይዜክ አይዘንና ማርቲን ፊሽባይን እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳዩት፣ አመለካከት ድርጊትን በደንብ የሚተነብየው ሁለቱ በተመሳሳይ ዝርዝር ደረጃ ሲለኩ ነው። «ስለ አእምሮ ሕሙማን ምን ያስባሉ?» የሚለው ጥቅል ጥያቄ፣ ሰውዬው ከሕመሙ ያገገመን የሥራ ባልደረባ እንዴት እንደሚይዝ የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ መድረኩ የትኛውን ድርጊት መለወጥ እንደሚፈልግ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

«የአንጎል ሕመም ነው» የሚለውን መልእክት በተመለከተ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በርኒስ ፔስኮሶሊዶና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በ1996 እና በ2006 በአሜሪካ የተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶችን አነጻጽረዋል። በእነዚያ ዓመታት ከባድ ድባቴ ከአንጎል ጋር የተያያዘ መንስኤ አለው የሚለው ሰው ከ54 ወደ 67 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ሕክምና ይደግፋሉ የሚሉትም ጨምረዋል። ከታማሚው የመራቅ ፍላጎት ግን አልቀነሰም። ምክንያቱ ለማስተዋል የሚከብድ አይደለም። ሕመሙን ለአንጎል ብቻ ስንሰጠው ወቀሳውን ከታማሚው ትከሻ እናነሣለን፤ ነገር ግን «ተፈጥሮው ነው፤ አይድንም፤ ምን እንደሚያደርግም አይታወቅም» የሚል ሌላ ፍረጃ ልንጭንበት እንችላለን። መንስኤዎቹ የተፈጥሮ ተጋላጭነት፣ የኑሮ ውጥረትና የማኅበራዊ ሁኔታ ድምር መሆናቸውን፣ ብዙ ሰዎችም በሕክምና እንደሚያገግሙ መናገር ለእውነቱ የቀረበ ነው፤ በአድማጩ ላይም የተስፋ መቁረጥ ስሜት አይጥልም።

የሮዘንሃንን ጥናት ግን መግቢያ ባታደርጉት እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው ይህ ጽሑፍ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት ቢገኝም፣ ጋዜጠኛዋ ሱዛና ካሃላን በ2019 ባወጣችው ሰፊ ምርመራ ስለ ተሳታፊዎቹና ስለ አሠራሩ ከባድ ጥያቄዎችን አንሥታለች። ከዚህም በላይ አድማጩ «ሐኪሞች ጤነኛውን ከታማሚው አይለዩም» የሚል መደምደሚያ ይዞ ቢወጣ፣ ነገ ሕክምና ሲያስፈልገው እንዳይሄድ የሚያደርገውን ምክንያት በእጁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

መልስ፦ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ

መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ጥያቄው «በምትኩ ምን ይደረግ?» ስለሚልም እኔ ከዚያ ልጀምር። ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ያስቀመጠው ሐሳብ ሰዎች በአካል ሲገናኙ ጭፍን ጥላቻ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው፤ ይሁንና ግንኙነቱ በእኩል ደረጃ፣ ለጋራ ግብ፣ በትብብርና በተቋሙ ወይም በኃላፊዎች ድጋፍ ሲካሄድ ነው። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ባሳተሙት የ515 ጥናቶች ጥቅል ትንታኔ፣ ግንኙነት በአብዛኞቹ ጥናቶች ከጥላቻ መቀነስ ጋር አብሮ ታይቷል።

ነገር ግን ብዙ አዘጋጆች «ግንኙነት» የሚለውን ብቻ ይይዙና ሁኔታዎቹን ይረሳሉ። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በአንድ የበጋ ካምፕ ያደረገውን ያስቡ። 22 ወንዶች ልጆች በሁለት ቡድን ተከፍለው በውድድር ተቃቃሩ፤ አዘጋጆቹ ልጆቹን ፊልም ለማየትና ምግብ ለመብላት አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው ግን ሰላም አልወረደም፤ ምግብ ተወራወሩ፣ ተሰዳደቡ። ነገሩ መለወጥ የጀመረው የካምፑ ውኃ ሲቋረጥ ሁሉም አብረው ብልሽቱን ሲፈልጉ፣ ምግብ የሚያመጣው መኪና አልነሣ ሲልም ሁለቱ ቡድኖች ገመዱን ይዘው አብረው ሲጎትቱት ነው። ሁለቱንም ችግሮች ሆን ብለው የፈጠሩት አጥኚዎቹ ነበሩ። ልጆቹን ያቀራረባቸው ሌላው ቡድን ሳይኖር የማይፈታ ችግር በፊታቸው መኖሩ ነው።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስንመጣ፣ ፓትሪክ ኮሪጋንና ባልደረቦቹ በ2012 በ72 ጥናቶች ላይ ባደረጉት ትንታኔ፣ ለአዋቂዎች ከሕመሙ ጋር ከሚኖር ሰው ጋር መገናኘት ከትምህርት ይበልጥ ውጤታማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ፊት ለፊት የሚደረገው ደግሞ በቪዲዮ ከሚታየው ይበልጣል። በጉርምስና ዕድሜ ላሉት ግን ትምህርት የተሻለ ውጤት ነበረው። ስለዚህ ገለጻውን ፈጽማችሁ አትጣሉት፤ አዲስ ተማሪዎቻችሁ በሁለቱ ዕድሜዎች ድንበር ላይ ስለሚሆኑ አጠር አድርጋችሁ ያዙት፤ የቀረውን ጊዜ ለግንኙነቱ ስጡት።

እንዲህ ስል ታማሚውን መድረክ ላይ አቁሞ ታሪኩን ማስነገር ብቻ ማለቴ አይደለም። ተናጋሪው ከጅምሩ በዝግጅቱ ውስጥ እኩል ድምፅ ይኑረው፤ ርዕሱን አብሮ ይምረጥ፤ የቡድን ውይይቱንም ይምራ። አድማጩ አንድን ሰው ሥራ ሲመራ አይቶ፣ በመሐል ሕመም እንዳለበት ሲሰማ የሚፈጠረው ግምት፣ አስቀድሞ «ታማሚ» ተብሎ ከተዋወቀው ሰው ጋር ሲገናኝ ከሚፈጠረው እጅግ ይለያል።

ስለ ውጥረትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ምዕራፍ ከሌሎቹ ተነጥሎ መነበቡ ያሳዝነኛል። ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን በ1984 እንዳብራሩት፣ ሰው አንድን ነገር በውጥረት የሚቀበለው ነገሩን እንደ ስጋት ሲመዝነውና ለመቋቋም ያለው አቅም የማይበቃ ሲመስለው ነው። ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ይህን ምዘና በየዕለቱ ያደርጋል። መድኃኒቱን የት ልዋጥ፣ ለቀጠሮ ስወጣ ምን ልበል፣ ማን ያውቃል፣ ቢያውቅስ ምን ይከተላል እያለ ሲያሰላ ይውላል። ስለዚህ መገለል ከሕመሙ ላይ የሚደረብ ሁለተኛ ሸክም ይሆንበታል፤ ሰዎች ወደ ሕክምና ዘግይተው የሚመጡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሲመጡም የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ስለ ድባቴው ከመነጋገር ይልቅ «እዚህ መምጣቴ ምን ዓይነት ሰው ያደርገኛል?» የሚለውን በመፍታት ያልፋሉ።

መልስ፦ ከድባቴ ጋር የምኖር

ባለሙያዋ የጻፉትን ሳነብ፣ ከራሴ ኑሮ የማውቀው በመሆኑ ዝም ማለት አልቻልኩም። ድባቴ የሚመላለስብኝ ሰው ነኝ፤ በንግግር ሕክምናና በመድኃኒት አሁን ደህና ነኝ፤ እሠራለሁ፤ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል አንድ መድረክ ላይ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። አስተዋዋቂው ስሜን ከጠራ በኋላ ሙያዬን ሳይጠቅስ በቀጥታ የሕመሜን ስም ተናገረ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ፊታቸው ወዲያው በኀዘኔታ ሲለወጥ አየሁ። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መድኃኒት ባቆም ምን እንደምሆን፣ ልጆቼ ይፈሩኝ እንደሆነ ተጠየቅሁ፤ በሥራዬ ምን እንደማደርግ፣ መሻል ስጀምር በመጀመሪያ የተመለሰልኝ ነገር ምን እንደነበር የጠየቀ አልነበረም። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ አጠያየቃቸውን የቀረጸው የተዋወቅሁበት መንገድ ነው።

ስለዚህ የምትጋብዙት ሰው እንዴት መተዋወቅ እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ ሊመልሰው የማይፈልገውን ጥያቄም ይንገራችሁ። ከሁሉ በላይ ከአዳራሹ ውስጥ ሕመሙ ያለባቸውና ለማንም ያልተናገሩ ተማሪዎች እንደሚኖሩ አትርሱ። ሰው ስለ አእምሮ ሕመም ከልጅነቱ የሰማው ክፉ ወሬ፣ ራሱ ሲታመም ስለ ራሱ የሚያምነው ይሆናል። «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ» የሚለው የድባቴ ድምፅና «ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሥራ አይሰጥም» የሚለው የሰው ወሬ አንድ ላይ ሲመጡ መለየት በጣም ከባድ ነው። እኔ ሁለቱን መለየት የቻልኩት በሕክምና ውስጥ፣ እያንዳንዱን ሐሳብ በወረቀት እየጻፍኩ «ለዚህ ማስረጃዬ ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅን ከተማርኩ በኋላ ነው።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሮዘንሃንን መግቢያ ለማስቀረትና ተናጋሪውን ከዝግጅቱ መጀመሪያ ጀምሮ አባል ለማድረግ ለቡድኑ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ መድረኩ መሥራቱንና አለመሥራቱን በምን እንደምንለካ ነው።

መልስ፦ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና መምህር

መጠይቁን መድረኩ እንዳለቀ ብቻ አታድሉ፤ በዚያ ሰዓት አድማጩ ደስ የሚላችሁን መልስ ሊሰጥ ይችላል። መድረኩ ከመካሄዱ በፊት፣ ወዲያው እንዳለቀና ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ በተመሳሳይ ጥያቄዎች፣ ስም ሳይጻፍ ለኩ። ጥያቄዎቹም ተጨባጭ ድርጊቶችን ይመለከቱ፤ ለምሳሌ ድባቴ እንዳለበት የነገረዎትን ተማሪ በቡድን ሥራዎ ውስጥ ያስገቡታል? አብረውት አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ? ራስዎ ቢጨንቅዎት ወደ ምክር አገልግሎት ይሄዳሉ? የሚቻላችሁ ከሆነ መድረኩን ገና ያልተካፈለ ሌላ የተማሪዎች ክፍልም በተመሳሳይ ቀናት ይሙላው፤ ለእነርሱ መድረኩን በኋላ ታዘጋጁላቸዋላችሁ። ከሰው መልስ ሌላ የድርጊት ምልክት ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ በመውጫው በር አጠገብ ስለ ምክር አገልግሎቱ የሚገልጽ ወረቀት አስቀምጡና ስንቱ እንደተወሰደ ቁጠሩ፤ ማን እንደወሰደ ግን አትመልከቱ።