የሰፈራችን ውሾች በመርዝ ሊገደሉ ነው፤ ምን ይዘን እንቃወም?

ጥያቄ፦ የማራኪ ልጅ

ሰላም የጎንደር ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በቅርቡ ሁለት ሰዎች በውሻ ተነክሰዋል፤ አንዷ ትንሽ ልጅ ናት። ክትባቷን ጀምራለች፣ ደህና ናት ተብሏል። የቀረበው መፍትሔ ግን አንድ ብቻ ነው። ከጥምቀት በፊት በአንድ ሌሊት መርዝ የነካው ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፣ ጠዋት ሬሳው ይሰበሰባል፣ አለቀ። ውሻ ያለው ሰው ያን ሌሊት ይሰር ተባልን።

ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ግማሹ አጉረመረመ እንጂ እጁን አላወጣም። አንዲት እናት «ያሳዝናሉ እኮ» ቢሉ ሳቁባቸው።

የሰፈራችን ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው። ቀን ይለቀቃሉ፣ ማታ ግቢ ይጠብቃሉ። ጅቡንም ሌባውንም የሚያርቁልን እነሱ ናቸው።

መቃወም የምንፈልግ ወደ ሃያ የምንሆን ቤተሰቦች አለን። «አትግደሉ» ብቻ ብለን ብንሄድ የሚሰማን የለም። ምን ይዘን እንቅረብ? ለማን ነው የሚጻፈው? ደግሞስ መግደሉ በሽታውን እውነት ያጠፋዋል?

መልስ፦ እናት ከአዘዞ

ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ እኔ ብኖር ከሚያጨበጭቡት ነበርኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው የተነከሰው። ክትባቱን ፍለጋ ያላንኳኳነው በር የለም። «አልቋል፣ ነገ ተመለሱ» ሲሉን ዓለም ዞረብኝ። ከዚያ በኋላ ውሃ በሰጠሁት ቁጥር ፊቱን አያለሁ፣ ይጠጣ ይሆን ወይስ ይሸሽ እያልኩ። ለውሻ የምታዝኑ ሰዎች አስቀድማችሁ ለልጅ እዘኑ። የተሻለ መንገድ አለን ካላችሁ አሳዩኝ፣ እፈርማለሁ። «ያሳዝናሉ» ግን ለእኔ አይበቃኝም።

መልስ፦ የከብት ሐኪም

እህቴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ስላተረፈልሽ ደስ ብሎኛል። ያልሽው ትክክል ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100ው 99ኙ ከውሻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ከውሻ መጀመሩ አይገርምም። ውሻ መግደል ግን በሽታውን አያጠፋውም። የምለው ከአዘኔታ ተነስቼ አይደለም፤ ሙያዬ ነው።

አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ የሚያሲዘው ከሁለት ያነሰ ውሻ ነው። የሰፈሩ ውሻ ቢበዛም ቢያንስም ይህ ቁጥር ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ግማሹን ብትገድሉ በሽታው በግማሽ አይቀንስም። በሌላ በኩል መርዝ አይመርጥም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም እኩል ይጨርሳል። በወሩ ሰው ግቢው ባዶ ስለሆነበት ከገጠር ቡችላ ያመጣል። ያ ቡችላ አልተከተበም። ክትባት የነበረውን ውሻ በሌለው ተካችሁት ማለት ነው።

ይህ በሌላ አገር ታይቷል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1997 በሽታው በጀልባ ከመጡ ውሾች ገባባት። በገፍ ገደሉ። በሽታው አልወጣም፣ እንዲያውም ሰው ውሻውን እያሸሸ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። ባሊ ላይም በ2008 ሲገባ መጀመሪያ የያዙት መግደል ነበር። የሰው ሞት የወረደው በ2010 ደሴቷን በሙሉ ወደ መከተብ ሲዞሩ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ቁጥር 70 በመቶ ነው። ከ10 ውሻ 7ቱን በየዓመቱ ከከተባችሁ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሁሉን መያዝ አይጠበቅባችሁም።

ስብሰባው ላይ የምታነሱት አንድ ጠንካራ ነጥብ ልስጣችሁ፣ ብዙ ሰው አያስበውም። ሰው የነከሰ ውሻ ጤነኛ ከመሰለ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ፣ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ተነካሹ ግን እስከዚያ መጠበቅ የለበትም፣ ክትባቱን ወዲያው ይጀምራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ የቀረውን ሊያቆምለት ይችላል። ክትባት እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመርዙ ሌሊት ግን የነከሰውንም ያልነከሰውንም ይዞ ይሄዳል፣ ማስረጃው ከሬሳው ጋር ይቀበራል።

በግልጽ ያበደ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። ለሀጩን የሚያዝረበርብ፣ የሚንገዳገድ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ከሆነ ይገደል፣ እኔም አልከራከርም። ጭንቅላቱን ግን አትምቱት። ምርመራው የሚሠራው በአንጎሉ ነው።

መልስ፦ ሀርትፎርድ ያለሁ

ጎንደር ነው የተወለድኩት፣ አሁን የምኖረው አሜሪካ ኮነቲከት ነው። እኛም ጋ ይህንኑ የመሰለ ክርክር አለ፣ እንስሳው ነው የሚለየው። እዚህ መዥገር የሚያስተላልፈው ላይም የሚባል በሽታ አለ። ስሙን ያገኘው እዚሁ ግዛት ካለች ትንሽ ከተማ ነው፣ በ1970ዎቹ። መዥገሩ ሲያድግ የሚመገበው በብዛት አጋዘን ላይ ስለሆነ «አጋዘኖቹን እንቀንስ» የሚል ሐሳብ በየከተማው ይነሳል። ነዋሪው ደግሞ ይቃወማል። በመኖሪያ ቤት አጠገብ ጠመንጃ አንፈልግም የሚል አለ፣ አጋዘኑ ምን አጠፋ የሚልም አለ።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት አንድ እውነት አለ። መዥገሩን በባክቴሪያው የሚበክለው አጋዘኑ አይደለም። በዋናነት ነጭ እግር ያለው ትንሽ አይጥ ነው። አጋዘኑ ለመዥገሩ ምግብና መጓጓዣ ነው።

ግን ሳልዋሽ ልናገር፣ የገደሉት ሁሉ አልከሰረም። ሜን ግዛት ውስጥ ሞንሂገን በምትባል ደሴት እስከ 1999 ድረስ አጋዘኖቹን አንድ ሳይቀር አስወገዱ። በቀጣዮቹ ዓመታት መዥገሩ በጣም ቀነሰ። እዚያ የሠራው ደሴት ስለሆነችና ሌላ አጋዘን እየዋኘ ስላልመጣ ነው። ዋናው ምድር ላይ ጥቂት ቀንሰህ ብትተው ከጎረቤት ጫካ ይመጣል። ጎንደር ደሴት አይደለችም። ከአዘዞም ከጠዳም ውሻ በእግሩ ይገባል።

እዚህ ሰሚ ያገኙት ተቃዋሚዎች አማራጭ ይዘው የመጡት ናቸው። ለምሳሌ አጋዘኑ በቆሎ ሊበላ አንገቱን ሲያስገባ መዥገር ገዳይ መድኃኒት የሚቀባው ማሽን አለ። «ይህን ሞክሩ፣ እኛም እናግዛለን» ሲሉ ስብሰባው መልኩን ይቀይራል።

መልስ፦ ቅዳሜ ገበያ

ሥጋ ቤቶቹስ? አጥንትና አንጀት መንገድ ዳር እየተጣለ ውሻ በዛ ይባላል። ቆሻሻው እስካለ ድረስ የገደልከውን ያህል ሌላ ይመጣል። ይህንንም ጻፉበት።

መልስ፦ ከደባርቅ

መርዙ ውሻውን ገድሎ አያበቃም። ሬሳውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ጅብም ይበላዋል፣ እነሱም ይሞታሉ። ጠዋት ይሰበሰባል የሚሉት ለወሬ ነው፤ መርዝ የበላ ውሻ ተንገዳግዶ ገደል ገብቶ ነው የሚሞተው፣ ማን አግኝቶ ይሰበስበዋል? አሞራ ያለቀበት ከተማ ደግሞ ጥንቡን ማን ያነሳለታል?

እኛ ጋ ስሜን ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከውሻ የሚይዘው በሽታ ነው የሚያሰጋው። ባሌ ላይ ይኸው በሽታ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እዚያ መፍትሔ ተብሎ የተያዘው በፓርኩ ዙሪያ ያለውን የገበሬ ውሻ መከተብ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው ጸሐፊ

ልጄ፣ ወረቀቱን በተመለከተ እኔ ልንገርህ። ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት።

በቃል የተባለ ነገር በቃል ይቀራል። መጀመሪያ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። ውሳኔ ነው ወይስ ሐሳብ ብቻ? ብዙ ጊዜ ሰው ተወሰነ የሚለው ገና ያልተወሰነውን ነው።

ከዚያ ማመልከቻ ጻፉ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ፦ በሰፈራችን የውሻ ክትባት እንዲሰጥልን ስለመጠየቅ» በሉ። ልብ በል፣ ስለ መቃወም አላልኩም። «መቃወም» የሚል ርዕስ ያየ ኃላፊ ፋይሉን ከሥር ነው የሚያስቀምጠው። የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን መልስ ይፈልጋል። መርዙ እንዲቆም የምትሉትን ውስጥ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ አስገቡት።

የፈራሚዎች ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ በአባሪ ይያያዝ። ከፈራሚዎቹ ውስጥ ልጅ የተነከሰባቸው ወላጆች ካሉ ከላይ ይሁኑ። ለቀበሌው ይጻፍ፣ ግልባጭ ለጤናና ለእንስሳት ጽሕፈት ቤቶች ይሁን። ስታስገቡ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስደርጉ ከበሩ እንዳትወጡ። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ አልገባም።

የዕድሩን ዳኛ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። የንስሐ አባቶችንም እንዲሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ከሚናገረው አንድ ቄስ የሚናገሩት ይከብዳል፣ ደስ ባይልህም እውነቱ ይኸው ነው።

የማራኪ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼን በተለይ። ለዶክተር አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለቤት ያለውን እንከትባለን እንበል። ባለቤት የሌለውስ? ስብሰባው ላይ የሚያነሱብን እሱን ነው።

የከብት ሐኪም

ባለቤት የሌለው ከምትገምቱት ያነሰ ነው። አስቀድማችሁ ቤት ለቤት ቁጠሩ። ውሻው የማን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ «የማንም» የሚባለው ብዙዎቹ ፍርፋሪ የሚሰጣቸው ሰው አላቸው። እሱ ሰው ይይዘዋል፣ ለሌላ ሰው አይሆንም። ባለቤት ያላቸውን በደንብ ከያዛችሁ ብዙ ጊዜ 70ው በመቶ ከነሱ ይሞላል።

ቀኑን እሁድ ከሰዓት አድርጉት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። ልጆች ብቻቸውን ትልቅ ውሻ ይዘው አይምጡ፣ ሰልፍ ላይ ውሾች ይጣላሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበትና አይስ ቦክስና በረዶ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። የተከተበውን አንገቱ ላይ ባለ ቀለም ጨርቅ እሰሩለት፤ ያልተከተበው በዓይን ይለያል። ባለሙያ ለማግኘት ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ደብዳቤ አስገቡ። ከተማችን ውስጥ ነው ያለው፣ መጠየቅ ነውር የለውም።

እናት ከአዘዞ

ዶክተር፣ አነበብኩት። ስለ 10 ቀኑ የነገረኝ አልነበረም። የነከሰውን ውሻ ጎረቤት በድንጋይ ቀጥቅጦ ነው የገደለው፣ እኛም ሳናውቅ በጭንቀት አለቅን።

እፈርማለሁ፣ ግን አንድ ነገር ይጨመር። ማመልከቻው የሰውን ክትባትም ይጠይቅ። የተነከሰ ሰው በዚያው ቀን የሚያገኝበት ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይለጠፍልን። ያ ከሌለበት የእናንተ ደብዳቤ የውሻ ብቻ ነው።

የከብት ሐኪም

ይጨመር። እኔም አንድ ነገር ልጨምር፣ ከማስታወቂያው ጋር አብሮ ይለጠፍ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ። ቁስሉ ላይ በርበሬም፣ ቅጠልም፣ ጋዝም አይደረግበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክትባቱን ግን ጀምሮ ይሂድ። በሽታው ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆያል፤ «ሳምንት አለፈኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት አያዋጣም።

የማራኪ ልጅ

እትዬ፣ ያሉት ሦስተኛ አንቀጽ ሆኖ ገብቷል። ስምዎንም ፈቃድዎ ከሆነ ከላይ እናደርገዋለን። የዕድሩ ዳኛ ሊፈርሙ ተስማምተዋል። ሥጋ ቤቶቹን የሚያነጋግር ሰው ግን እስካሁን አላገኘንም።

ቆጠራውን ዛሬ ጀመርን። አንዲት ሴትዮ ግቢ ውስጥ ገና ጡት የሚጠቡ ስድስት ቡችሎች አሉ። ከሦስት ወር በታች አይከተብም ሲባል ሰምቻለሁ። እንዝለላቸው?

የከብት ሐኪም

አትዝለሏቸው። በዘመቻ ጊዜ ቡችላም ይከተባል። በየዓመቱ የሚያመልጡን እነሱ ናቸው። በካርቶን ይዛቸው ትምጣ፣ እናቲቱንም አብራ ታምጣ።