የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ይሁን? በካሊፎርኒያ የሪጅናል ሴንተር ይግባኝ ላይ የተነሳ ክርክር

ጥያቄውን ያነሳው፣ አባት ከኦክላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። በካሊፎርኒያ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች አገልግሎት የሚያመቻቹት 21 ሪጅናል ሴንተሮች ናቸው። የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የላንተርማን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገልግሎቱ መብት እንጂ ችሮታ አይደለም ብሎ ወስኗል። የተከለከለ ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ሴንተሩ የነበረን አገልግሎት ሲቀንስ የማስረዳት ሸክሙ፣ ማለትም በማስረጃ የማሳመን ግዴታው፣ የራሱ ነው። አዲስ ጠይቀን ሲከለክለን ግን አስረጂዎቹ እኛ ነን። ግምገማው፣ ፋይሉ፣ ባለሙያው ሁሉ እነሱ ጋ ነው ያለው። እኔ በሁለቱም ጊዜ ሸክሙ የሴንተሩ ይሁን ባይ ነኝ። እናንተስ?

ቀድሞ ሰርቪስ ኮርዲኔተር የነበረች፣ ከሎስ አንጀለስ
ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። እኔ በሪጅናል ሴንተር ውስጥ የቤተሰቦችን አገልግሎት የማስተባብር ሠራተኛ ሆኜ ከ80 በላይ ፋይል ይዤ ሠርቻለሁ። ለእያንዳንዱ አዲስ ጥያቄ ማስረጃ አደራጅ ብትሉኝ ቤተሰብ የማየት ጊዜዬ ያልቃል። ገንዘቡም የሕዝብ ነው። የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደሚያስፈልገው ቢያስረዳ ምን ክፋት አለው? ደግሞ ሕጉ ተሻሽሏል። ከመጋቢት 2023 ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አላችሁ። ወደ ችሎት ሳትሄዱ በስብሰባ ወይም በሽምግልና መጨረስም ይቻላል። አብዛኛው ነገር ቁጭ ብሎ በመነጋገር ይፈታል።

እናት፣ ከሳን ሆሴ
እህቴ፣ ችሎት ፊት ቀርበሽ ታውቂያለሽ? እኔ ቀርቤያለሁ። ለልጄ ሬስፒት ነበር የጠየቅኩት። እኔ ትንሽ እንዳርፍ ሌላ ሰው ልጄን የሚይዝበት ሰዓት ማለት ነው። ማታ ማታ እሠራለሁ። ልጄ ሌሊት አይተኛም፤ በር ከፍቶ ይወጣል።

አስተርጓሚ ተመደበልኝ፣ በስልክ። ዳኛው ስለ ሬስፒት ሲጠይቁኝ አስተርጓሚው «ዕረፍት ለምን ፈለግሽ?» አለኝ። የሽርሽር ዕረፍት መሰለኝ። «ኧረ እኔ ዕረፍት አልፈልግም፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ መለስኩ። ይኼው መዝገብ ላይ ገባ። ሌላ ቦታ ደግሞ የልጄን ኦቲዝም «የአእምሮ ሕመም» እያለ ተረጎመው። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚሠራ ነው። እኔ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ተከለከልኩ። ያን ቀን አስረዳሁ ትይኛለሽ?

ቀድሞ ሰርቪስ ኮርዲኔተር የነበረች፣ ከሎስ አንጀለስ
አንብቤ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ግን ያንቺ ችግር የአስተርጓሚ አይደለም? ሸክሙን ብናዞረውም ያ አስተርጓሚ ያው ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፣ አባት ከኦክላንድ
ያው አይደለም። ሸክሙ የሴንተሩ ቢሆን ኖሮ እሷ አንዲት ቃል ሳትናገርም «ይህ ሰዓት የማያስፈልገው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ማለት ግዴታቸው ነበር። ልጁ ሌሊት በር ከፍቶ እንደሚወጣ ፋይላቸው ላይ ተጽፏል። ያን ወረቀት ማን ያውጣው? ያለው ሰው ነው እንጂ! ስለ ጊዜ ያልሽው ግን ልክ ነው። 80 ፋይል ለአንድ ሰው መስጠት በደል ነው። የዚያ ዋጋ ግን እናት ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ወጣት፣ ከሳክራሜንቶ
ሁላችሁም ስለ ወላጅ ነው የምታወሩት። እኔ 26 ዓመቴ ነው። ይግባኙ የእኔ ነበር፣ የገባውም በስሜ ነው። ስብሰባው ላይ ግን የሚጠየቀው ወንድሜ ነው። ንግግሬ ቀስ ይላል እንጂ ሐሳቤ ሙሉ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው በሕግ ቋንቋ ነው፣ ሦስቴ አንብቤው አልገባኝም። ሕጉ ደግሞ ሰውየው በሚረዳው ቋንቋ ይጻፍ ይላል። ሸክሙን የፈለጋችሁት ጋ አድርጉት። መጀመሪያ ግን ጠይቁኝ፤ መልሴንም ጠብቁ።

አያት፣ ከሎስ አንጀለስ
ልጄ፣ ተባረክ። እኛም ራሳችን ጥፋት አለብን። ይሉኝታ ይዞን «ይህንንም ስለሰጡን ተመስገን» ብለን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ እንከታለን። የመንግሥት ሰው መሟገት ነውር ይመስለናል። ልጅ የሚደብቅም አለ። ሸክሙ ወዲህ ሆነ ወዲያ፣ ይግባኝ ያላለ ሰው ጋ ማንም አይደርስም።

አዲስ አባል፣ አባት ከሳን ዲዬጎ
ይቅርታ፣ ክርክሩን ላቋርጥ ነው። እኔም ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አለኝ። የልጄን ሰዓት ልንቀንስ ነው ይላል መሰለኝ። ምን ላድርግ?

ቀድሞ ሰርቪስ ኮርዲኔተር የነበረች፣ ከሎስ አንጀለስ
ወንድሜ፣ መቼ ደረሰህ? ቅነሳ ከሆነ ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። አገልግሎቱ ሳይቋረጥ መከራከር ከፈለግህ ግን 60 ቀኑን አትጠብቅ። ደብዳቤው በደረሰህ በ30 ቀን ውስጥ፣ ቅነሳውም ከመጀመሩ በፊት ይግባኙ መግባት አለበት።

አዲስ አባል፣ አባት ከሳን ዲዬጎ
ሦስት ሳምንት ይሆነዋል።

እናት፣ ከሳን ሆሴ
በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ነገ ሥራ የለኝም፣ ቅጹን በስልክ አብረን እንሞላለን። ደብዳቤውን አሁኑኑ ከመሳቢያው አውጣና ቀኑን እየው።