የልማት መብት ኮርስ ለኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ተማሪዎች፦ ሁለተኛው ረቂቅ ላይ ውይይት

አስተባባሪ፦ ለሕግ ትምህርት ቤቱ የምናስገባው ሐሳብ ሁለተኛ ረቂቅ ተያይዟል። ባለ 3 ክሬዲት ምርጫ ኮርስ ነው፤ 16 ሳምንት፣ 20 ተማሪ፣ አራት አራት ሆነው በ5 ቡድን። ክፍል 4 ላይ «ተማሪዎች ለአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት አቤቱታ ያዘጋጃሉ» ይላል። እሱን በደንብ እዩልኝ።

የሙግት መምህርት፦ እንዲህ ሆኖ አይሄድም። ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። ብታጸድቅም በፕሮቶኮሉ አንቀጽ 34(6) የተመለከተውን መግለጫ (ፍርድ ቤቱ የግለሰብ አቤቱታ እንዲቀበል የሚፈቅድ) እስካልሰጠች ድረስ ግለሰብ በቀጥታ ሊከሳት አይችልም። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አባል ግን ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነች፤ ስለዚህ የሚንኳኳው በር ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። ገምጋሚ መጀመሪያ የሚይዘን እዚህ ላይ ነው።

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ፣ «ለኮሚሽኑ» ይሆናል። ፍርድ ቤቱ በኬንያ የኦጊየክ ሕዝብ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ከንባቡ ይውጣ ማለት ነው?

የሙግት መምህርት፦ ኧረ አይውጣ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሰው ራሱ ኮሚሽኑ ነው፤ መንገዱን ያሳያል። በ2017 እ.ኤ.አ. የቻርተሩ አንቀጽ 22 (የልማት መብት) ጥሰት ተገኘ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 57,850,000 የኬንያ ሽልንግ ለቁሳዊ፣ 100,000,000 ለሞራል ጉዳት ተወሰነ። ዋናው ንባብ ግን ኮሚሽኑ በኬንያ የእንዶሮይስ ማኅበረሰብ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ (276/2003) ይሁን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ከቦጎሪያ ሐይቅ ከተነሡት ውስጥ ለ170 ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 3,150 የኬንያ ሽልንግ ገደማ መከፈሉ፣ «አማክረናል» የሚለው የመንግሥት መከራከሪያም ለምን እንዳልበቃ እዚያ ላይ በዝርዝር ይገኛል። የእኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43(2) (በልማት የመሳተፍና የመማከር መብት) መፈክር አድርጎ የሚጠቅስ ተማሪ ይህን ካነበበ በኋላ «ማን ተማከረ፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

የመሬት ጠበቃ፦ በንባቡ እስማማለሁ፤ የሳምንቱ ድልድል ግን ተገልብጧል። 6 ሳምንት ለፍሬ ነገሩ፣ አንድ ሳምንት ለአቤቱታው ተቀባይነት? በቻርተሩ አንቀጽ 56 ሰባት መስፈርት አለ፤ አቤቱታ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በ56(5)፣ የአገር ውስጥ መፍትሔን አሟጦ አለመጨረስ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ይሰጠው። በመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ 1161/2011 ተነሺ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ አካል ዘንድ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ከተነሣ ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤና ፌዴሬሽን ምክር ቤት አሉ። ተማሪው ይህንን ደረጃ በደረጃ በሰነድ ካላሳየ፣ ወይም አሠራሩ ያለ አግባብ መጓተቱን ካላስረዳ፣ አንቀጽ 22ን የፈለገውን ያህል ቢያብራራ ማንም አያነብለትም።

ለየቡድኑ ባዶ መላምት ሳይሆን የተቀነባበረ መዝገብ እንስጥ፦ የማስለቀቂያ ትእዛዝ፣ የካሳ ግምት፣ የቅሬታ ሰሚው ውሳኔ፣ የምክክር ቃለ ጉባኤ። ወጥመድም እንቅበርበት። ቃለ ጉባኤው ከማስለቀቂያው ትእዛዝ በ11 ቀን ዘግይቶ የተጻፈ ይሁን። ከ40 ፈራሚ 38ቱ ስማቸው በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ ይሁን። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የቀን ልወጣውንም ያለማምዳል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት መደመሩን ስተው የጊዜ ቅደም ተከተሉን የሚያዛቡት ብዙ ናቸው።

አስተባባሪ፦ ጋሼ፣ መዝገቡን እርስዎ ቢያዘጋጁልንስ?

የመሬት ጠበቃ፦ አዘጋጃለሁ፣ አምስቱም ግን አንድ ዓይነት አይሁኑ። አንዱን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(2) (የተፈናቃዮች ካሳና መልሶ ማቋቋም) ላይ ብቻ እናቁመው፤ ካሳ ተከፍሎ መልሶ ማቋቋም ሳይደረግ የቀረበት። ሁሉም ቡድን ተመሳሳይ ፋይል ከያዘ በሁለተኛው ሳምንት መኮራረጅ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ ወጪው ሕትመትና ሻይ ብቻ ነው፣ ይቻላል። የምዘናው ክፍፍል ግን አልገባኝም፤ ፈተና 60 በመቶ ከሆነ መዝገቡን ማን በቁም ነገር ይይዛል?

የሙግት መምህርት፦ እውነት ነው። አቤቱታ 50፣ የቃል ክርክር 20፣ የንባብ ማስታወሻ 10፣ ፈተና 20 ይሁን። አቤቱታው በ10ኛው ሳምንት በረቂቅ ይግባ፣ እርማቱ በ12ኛው ይመለስ። ከዚያ ከዘገየ ለማሻሻያ ጊዜ አይኖራቸውም።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ክፍል 4 እንዲህ ተስተካክሏል፦ «እያንዳንዱ ቡድን በተሰጠው መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ በአንቀጽ 56 የተመለከቱትን መስፈርቶች አንድ በአንድ በማስረጃ አስደግፎ፣ ለአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ያዘጋጃል።» ጋሼ ከአምስቱ መዝገብ ሁለቱን እስከ ዓርብ ካደረሱን አባሪ አድርጌ ሰኞ አስገባዋለሁ።